በቀበሌ ቤት ያለፈቃድ ንግድ፦ ተጠያቂው ማን ነው? ቤቱስ ይተርፋል ወይ?

ከአዲስ አበባ፣ ከጉለሌ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ ከ40 ዓመት በላይ በቀበሌ ቤት ትኖራለች። ውሉ በስሟ ነው፣ ኪራዩንም አንድ ወር አጓድላ አታውቅም። ከ3 ዓመት በፊት ወደ አስፋልቱ የሚያየውን የፊት ክፍል ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ልጅ በወር 9 ሺህ ብር ሰጠነው። ግድግዳውን አፍርሶ የብረት በር አስገባበት። ንግድ ፈቃድ አለው፣ ግብርም ይከፍላል። ያን ጊዜ የነበረው የወረዳ ሠራተኛ ‹ችግር የለውም፣ ሥሩ› ብሎን ነበር። አሁን ወረዳው ‹የመኖሪያ ቤቱን ያለፈቃድ ለንግድ ስላዋላችሁ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ቤቱን አስረክቡ፣ የ3 ዓመት የኪራይ ልዩነትም ክፈሉ› የሚል ደብዳቤ ሰጠን። ይህን ያህል ዓመት የኖርንበት ቤት እንዴት የእኛ አይሆንም? ንግዱን የሚሠራው ልጁ ሆኖ ሳለ እናቴ ለምን ትጠየቃለች? ከሰን ማስቆም እንችላለን?»

ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል አይደለም። እርስዎ የደረደሩት መከራከሪያም አብዛኛው አያስኬድም። ከእርስዎ ልጀምር። ሰው የቀበሌ ቤቱን የሚያጣው ብዙ ጊዜ የተሰጠውን ቀን በማያዋጣ ክርክር ሲያቃጥል ነው።

ቤቱ የእናትዎ አይደለም። 40 ዓመትም ሆነ 50 ዓመት መኖር የቀበሌን ቤት የግል አያደርገውም። የነገሩ ሥር ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በዚህ አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች እንዲያስተዳድሯቸው ተደረገ። ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ «ኪራይ ቤቶች» ተብለው ለብቻ ተያዙ። እነዚህን ዛሬ የሚያስተዳድረው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። የእናትዎ ቤት ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። አስተዳደሩ ወደ ወረዳ ቢዞርም ሰው ዛሬም «የቀበሌ ቤት» ነው የሚለው። ኪራዩ ከገበያው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባለው የተመኑ መነሻ ያ የጥንቱ ኪራይ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1168 ያነሳል። «15 ዓመት የያዘ ባለቤት ይሆናል» የሚል ወሬ ከዚያ የመጣ ነው። ድንጋጌው ግን የሚናገረው የማይንቀሳቀስ ንብረት በእጁ አድርጎ፣ በባለቤትነት የሚከፈለውን ግብር 15 ዓመት ተከታትሎ ስለከፈለ ሰው ነው። እናትዎ የከፈሉት ግብር አይደለም፣ ኪራይ ነው። በየወሩ የተቆረጠላቸው ካርኒ ሁሉ ቤቱ የሌላ መሆኑን አምነው እንደኖሩ ያስረዳል። ካርኒዎቹን ታዲያ አይጣሉ። ለባለቤትነት ባይጠቅሙም ለተከራይነት ዋና ማስረጃ ናቸው። አሁን መትረፍ ያለበትም የተከራይነት መብቱ ነው።

«ንግዱን የሚሠራው ልጁ ነው» የሚለውም ከተጠያቂነት አያድንም። ወረዳው የሚያውቀው ውሉ ላይ የፈረመችውን ተከራይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ለወረዳው ማንም አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። የቀበሌ ቤት የኪራይ ውል ደግሞ ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ እንዲውል፣ ለሦስተኛ ወገን እንዳይከራይና እንዳይተላለፍ፣ ያለፈቃድም ለውጥ እንዳይደረግበት ያስገድዳል። ቤት ሄደው የእናትዎን ውል ያውጡና ያንብቡት። ውሉ ከጠፋ ከወረዳው ቤቶች አስተዳደር ፋይል ላይ ኮፒ ይጠይቁ። በጥያቄዎ እንደገለጹት ከሆነ ሦስቱም ግዴታዎች ተጥሰዋል። ክፍሉ ንግድ ቤት ሆኗል፣ ለሌላ ሰው ተከራይቷል፣ ግድግዳውም ፈርሷል። ይህን ሁሉ ያደረገው ሌላ ሰው ቢሆንም በውሉ የሚጠየቁት እናትዎ ናቸው። ቤቱን የሰጡት እሳቸው፣ በየወሩ 9 ሺህ ብር የተቀበሉትም እሳቸው ናቸውና።

የንግድ ፈቃዱስ? ንግድ ፈቃድ አንድ ሰው አንድን የንግድ ሥራ እንዲሠራ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። የመኖሪያ ቤትን ወደ ንግድ ቤት አይቀይርም። ግብር መክፈልም እንደዚሁ ነው። ገቢዎች ግብር የሚሰበስበው ገቢ ስለተገኘ ነው፣ የቤቱን አገልግሎት ስላጸደቀ አይደለም።

ይልቅ አንድ ነገር በዓይንዎ ይዩ። ልጁ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ይሆናል። ጠጋ ብለው አድራሻ የሚለውን መስመር ያንብቡ። ወረዳውና የቤት ቁጥሩ ከእናትዎ ቤት ጋር አንድ ነው? ብዙ ጊዜ ፈቃዱ የወጣው በሌላ ሰፈር አድራሻ ሆኖ ይገኛል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነጋዴው በትክክለኛ አድራሻው እንዲመዘገብና ሲለውጥም እንዲያሳውቅ ያዛል። ያለ ጸና ፈቃድ መነገድ በዚህ አዋጅ ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም በገንዘብ ብቻ አያበቃም፣ እስራትና የንግድ ዕቃ መወረስ አለበት። በሌላ አድራሻ የወጣ ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ሰው ራሱን ለዚህ ክርክር ያጋልጣል። አድራሻው የእናትዎ ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ፈቃዱ ሲወጣ ምን ማስረጃ ቀረበ? እናትዎ የፈረሙበት ወረቀት አለ? ቤቱን የግል አስመስሎ የቀረበ ሰነድ ካለ ነገሩ ከውል መጣስ አልፎ ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ይሄዳል። ለወረዳው አንዲት መስመር ከመጻፍዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

የወረዳው ሠራተኛ በቃል የሰጠው ፈቃድ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1724 የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና መመዝገብም እንዳለበት ይናገራል። በቃል «ሥሩ» ያለ ሠራተኛ የወረዳውን ውል ሊያሻሽል አይችልም። ቃሉ የሚጠቅምዎት እናትዎ ተደብቀው ያደረጉት እንዳልሆነ ለማሳየት ብቻ ነው። ቅን ልቦናን ያስረዳል፣ መብት ግን አይፈጥርም። ለዚያ ሰው ገንዘብ ተሰጥቶት ከነበረ ይህን መከራከሪያ ጨርሶ አያንሱ፣ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም ይጠየቃል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ እናንተ ያደላ አይደለም። አሁን ወደ ተጠያቂነቱ መጠን ልምጣ፣ ወረዳውም ገደብ ያለበት እዚህ ነው።

በመጀመሪያ፣ አንድን የቀበሌ ቤት ክፍል ማከራየት በራሱ የውል ጥሰት እንጂ ወንጀል አይደለም። ሰፈር ውስጥ «እናትሽ ይታሰራሉ» የሚሉ ካሉ አይስሟቸው። ወንጀል የሚመጣው ከላይ እንዳልኩት ሐሰተኛ ሰነድ፣ ጉቦ ወይም ያለፈቃድ ንግድ ሲኖር ነው። የመጨረሻው ደግሞ በቅድሚያ የሚመለከተው ነጋዴውን ነው።

ሁለተኛው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ወረዳው የ3 ዓመት «የኪራይ ልዩነት» ሲል ለመኖሪያ በተከፈለውና ለንግድ ቤት ሊከፈል ይገባ በነበረው ኪራይ መካከል ያለውን ማለቱ ነው። ጥያቄው መሠረት አለው። መመሪያና ተመን ካለ በዚያ ይሰላል። ከዚያ ውጭ ወረዳው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2162 ሊጠቅስ ይችላል። ያ ድንጋጌ ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ንብረት የበለጸገ ሰው፣ ባለንብረቱ በተጎዳበት መጠን እንዲክስ ያደርጋል። እናትዎ ከመንግሥት ቤት 9 ሺህ ብር ሲቀበሉ ስለነበር ይህ ድንጋጌ አደገኛ ነው። የ3 ዓመት ጥያቄ በይርጋም፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎም፣ አይቀርም፣ ለውል ጉዳይ የሕጉ መደበኛ ይርጋ 10 ዓመት ነው። ቢሆንም ወረዳው ከአየር ላይ ቁጥር አንስቶ ክፈሉ ማለት አይችልም። ንግድ ላይ የዋለው አንድ ክፍል ነው፣ የቀረው ቤት መኖሪያ ነበር፣ አሁንም ነው። ስሌቱ በካሬ ሜትር ለዚያች ክፍል ብቻ መሆን አለበት። የትኛው ተመን፣ ስንት ካሬ፣ ከመቼ እስከ መቼ? ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሙሉ ቤቱን እንደ ንግድ ቤት ቆጥሮ የመጣ ሒሳብ እንዳለ አይቀበሉ።

ሦስተኛው ግብር ነው። ተከራይ ሆኖ መልሶ ያከራየ ሰው ባገኘውና በከፈለው ኪራይ መካከል ባለው ልዩነት ላይ የኪራይ ገቢ ግብር አለበት። ይህ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የተደነገገ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የሚከፍለው የንግዱን ግብር ነው፣ የእናትዎን አይደለም። ወረዳው ጉዳዩን ለገቢዎች ካስተላለፈ ይህ ዕዳ ተነጥሎ ይመጣል። ገንዘቡን ስታስቡ እሱንም ጨምሩት።

አራተኛው ግድግዳው ነው። ከሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ጀምሮ ግንባታ መለወጥም ሆነ የሕንፃን አገልግሎት መቀየር ፈቃድ ይጠይቃል። የቀበሌ ቤት ላይ ሲሆን ደግሞ የባለቤቱ፣ ማለትም የአስተዳደሩ ስምምነት ይጨመራል። ቤቱን ወደ ቀድሞው ቅርጹ መመለስ የእናትዎ ግዴታ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች የጭቃ ናቸው። የብረት በር ለማስገባት ማገሩ ከተቆረጠና ምሰሶ ከተነቀለ ጣሪያው ይጎብጣል። ሠርቶ የሚያውቅ አናጢ ሳያዩት ልጁ በሩን ነቅሎ እንዳይሄድ።

አሁን «በ10 ቀን አስረክቡ» ወደሚለው ልምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 አንድ ተዋዋይ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ እርምጃ ከመውሰዱ በፊት፣ ግዴታህን ፈጽም የሚል ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ያዛል። ከዚህ በፊት «ንግዱን አቁሙ፣ ወደ መኖሪያ መልሱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሷችሁ ያውቃል? ካልደረሳችሁ የመጀመሪያው ደብዳቤ በቀጥታ የማስረከቢያ ትዕዛዝ መሆኑ ትልቅ ጉድለት ነው። ሌላም አለ። ቁጥር 1785 ውል የሚሰረዘው መሠረታዊ የሆነ ግዴታ ሲጣስ እንደሆነ፣ ዳኛም የሁለቱን ወገን ጥቅምና ቅን ልቦናን ማየት እንዳለበት ይናገራል። እናትዎ ቤቱን ዘግተው ሌላ ቦታ የሚኖሩ ቢሆን ይህን ክርክር አላነሳውም ነበር። እሳቸው ግን እዚያው ይኖራሉ፣ የተላለፈው አንድ ክፍል ነው፣ ሊስተካከልም ይችላል። ይህ ልዩነት በሕግም በወረዳውም ፊት ክብደት አለው።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም አስተዳደሩ የሰውን መብት የሚነካ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ሰውየውን እንዲሰማና የውሳኔውን ምክንያት እንዲገልጽ ይጠይቃል። አዋጁ የአዲስ አበባን አስተዳደርም ይመለከታል። እናትዎ ቃላቸውን ሳይሰጡ የተወሰነ ከሆነ ይህን በመልሳችሁ ላይ ጻፉት።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ምክሬ አንድ ነው። ፀጉር ቤቱ በእነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ይዘጋ፣ ክፍሉ ወደ መኖሪያ ይመለስ፣ ለወረዳው በጽሑፍ መልስ ይሰጥ። ክሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፣ ያውም ካስፈለገ።

ምክንያቴን ላስረዳ። ንግዱ እየሠራ ፍርድ ቤት ብትሄዱ የጣሰ ሰው ጥሰቱን ይዞ እግድ ሲጠይቅ ትታያላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የሚሰጥ እግድ አለ። ዳኛው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «አሁን ቤቱ ለምን እየዋለ ነው?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ «ለመኖሪያ» ብላችሁ ከፎቶ ጋር መመለስ ከቻላችሁ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በቤቶች አስተዳደር በኩልም እንደዚያው ነው። አስተዳደሩ በየጊዜው ቤት ለቤት ያጣራል፣ በ2013 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የቀበሌ ቤቶችን ጨምሮ አጥንቶ ውጤቱን ይፋ ማድረጉ ይታወሳል። አጣሪ ሲመጣ የሚመዘግበው ያየውን ነው። በዚያ ቀን ወንበርና መስታወት ካየ «ንግድ ቤት»፣ አልጋ ካየ «መኖሪያ» ብሎ ይጽፋል።

መልሱ አጭር ይሁን። ደብዳቤው በየትኛው ቀን እንደደረሳችሁ፣ ክፍሉ በየትኛው ቀን ወደ መኖሪያ እንደተመለሰ፣ በቤቱ እነማን እንደሚኖሩ፣ ከዚህ በፊት ማስጠንቀቂያ እንዳልደረሳችሁ ጻፉ። የኪራይ ልዩነቱ ስሌት በዝርዝር እንዲሰጣችሁ፣ ዕዳው በሕግ ልክ ሲረጋገጥም በክፍያ ስምምነት እንደምትከፍሉ ግለጹ። ያጠፋችሁትን አትካዱ። ካሜራ የያዘ አጣሪ ያየውን ነገር መካድ የቀረውን እውነት ሁሉ ያበላሻል። ደብዳቤው በእናትዎ ስምና ፊርማ ይሁን፣ ውክልና ካለዎት ግን እርስዎ መፈረም ይችላሉ። በሁለት ቅጂ ወስደው መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ማኅተሙን ሳያዩ ከመስኮቱ አይነሱ። ለቢሮ ኃላፊው በቃል መንገር መልስ መስጠት አይደለም።

ሦስት ነገሮችን ግን እንዳታደርጉ። የመጀመሪያው፣ «ልጁ ዘመዳችን ነው፣ ደባል ሆኖ ነው የሚኖረው» የሚል ወረቀት የኋላ ቀን ጽፎ ማዘጋጀት ነው። ደላላም የሰፈር ራፖር ጸሐፊም ይህን በቀላሉ ይመክራል። አንድ የውል ጥሰት የነበረውን ነገር የወንጀል መዝገብ የሚያስከፍተው ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ወረዳው አዘጋጅቶ የሚሰጣችሁን ቅጽ ሳታነቡ መፈረም ነው። «ቤቱን በፈቃዴ አስረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ካለ የቀረው ክርክር ሁሉ ያበቃል። እናትዎ ማንበብ የሚቸግራቸው ከሆነ ብቻቸውን ወደ ቢሮ አይሂዱ። ሦስተኛው፣ ልዩነቱን ከፍሎ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። ገንዘቡ ያለፈውን ይከፍላል እንጂ የወደፊቱን አይፈቅድም። ስትከፍሉ ደረሰኙ ላይ የምን ክፍያ እንደሆነና የየትኛው ጊዜ እንደሆነ ይጻፍ።

የፀጉር አስተካካዩን ነገር ባጭሩ። ከእናትዎ ጋር ያደረገው ውል ማስረዘሚያም መከታም አይሆነውም። ለማከራየት መብት የሌለው ሰው ያደረገው፣ የተከለከለ ነገር ላይ የቆመ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 እና 1808 ሊፈርስ የሚችል ነው። ሲፈርስ ደግሞ በቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ቅድሚያ የከፈለው ያልሠራበት ወር ካለ ገንዘቡን መልሱለት። እሱም ግድግዳውን ወደነበረበት ይመልስ። እየተጋፋችሁ መብራት መቁረጥ፣ ቁልፍ መቀየር፣ መስታወቱን አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል አያስፈልግም፣ ክስም ያመጣል። የወረዳውን ደብዳቤ ኮፒ ስጡት። ቀን ጠቅሳችሁ ልቀቅ የሚል ማስታወቂያ በጽሑፍ ስጡት፣ መቀበሉን ያስፈርሙት። ወረዳው ቤቱን ሲያሽግ የእሱም ዕቃ አብሮ ስለሚታሸግ ብዙ ሳያስቸግር የሚለቅበት ምክንያት አለው።

የገቢው መቅረት እናትዎን እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል። በዚያ 9 ሺህ ብር መድኃኒትና ቀለብ የሚሸፈንበት ቤት ይኖራል። ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ ወይ ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። አለ፣ ጠባብ ነው እንጂ። ተከራዩ ራሱ በጽሑፍ የአገልግሎት ለውጥ ሊጠይቅ ይችላል። አስተዳደሩ ከተቀበለው ውሉ ይሻሻላል፣ ኪራዩ በንግድ ተመን ይሆናል። ያን የመወሰን ሥልጣን ግን የአስተዳደሩ ነው። ፍርድ ቤት «ለውጥ ፍቀድ» ብሎ አያስገድደውም። ቤቱ ለንግድ በታቀደ ቦታ ላይ ካልሆነም አይታሰብም። ጥያቄው በጥሰቱ መሐል ሲቀርብ «ተይዘው ነው» ያስብላል፣ አሁን አታቅርቡት። ቢፈቀድ እንኳ ፈቃዱ ለተከራዩ ነው። መልሶ ለፀጉር አስተካካዩ ማከራየት ያው ክልክል ነው።

እናትዎ ራሳቸው እንጀራ ጋግረው ለጎረቤት ቢሸጡ፣ ወይም እህትዎ በሳሎኑ ጥግ በአንድ ማሽን ልብስ ብትሰፋስ? እኔ ይህን ከእናንተ ጉዳይ ጋር አንድ አላደርገውም። ቤቱ መኖሪያነቱን አልለቀቀም፣ ለሌላም አልተላለፈም። ያም ሆኖ ከወረዳው የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይሻላል። በሩ ወደ መንገድ ከተከፈተ፣ ታፔላ ከተሰቀለ፣ ሠራተኛ ከተቀጠረ ግን ድንበሩ አልፏል።

አንድ ነገር ለውጭ አገር አንባቢዎች ልጨምር። ወላጅ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እስራኤል ልጆቹ ጋ ሲሄድ የቀበሌ ቤቱን «ጠብቁልኝ» ብሎ በውክልና ማከራየት የተለመደ ሆኗል። ይህ ከእኚህ አንባቢ ጉዳይ የከፋ ነው። እዚህ ቢያንስ ተከራይዋ በቤቱ ይኖራሉ። እዚያ ግን «መሠረታዊው ግዴታ አልተጣሰም» ብሎ የሚከራከርበት ነገር አይኖርም፣ ውክልናም የወካዩን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ መብት አይሰጥም።

ወረዳው መልሳችሁን ካልተቀበለ በክፍለ ከተማው ቅሬታ ሰሚ በኩል ይግባኝ በሉ፣ ይህንንም በጽሑፍ። እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላል፣ ሆኖም የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንደ ፍርድ አይፈጸምም፣ ቀንም አያቆምላችሁም። ከዚያ በኋላ ክስ ካስፈለገ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚሄዱ ይጠንቀቁ። የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ በአንቀጽ 41 የቀበሌ ቤት ክርክርን ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። ቤቱ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። ያለቦታው የተከፈተ መዝገብ ከወራት በኋላ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ሲዘጋ ቤቱ በመሐሉ ሊታሸግ ይችላል። በክሱ ባለቤትነት አትጠይቁ። መጠየቅ ያለባችሁ የኪራይ ውሉ ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ እንዳይቋረጥና የገንዘቡ ስሌት እንዲስተካከል ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሥራ ቤቶች ሲነሱ በምትክ ቤት የተስተናገደው በፋይሉ ላይ ስሙ ያለ ሕጋዊ ተከራይ ነው። የጉለሌ ሰፈራችሁ አንድ ቀን ቢነሳ የእናትዎ ፋይል ውስጥ የሚገኘው «ለንግድ አውለው ተገኝተዋል» የሚል ሪፖርት ብቻ ከሆነ ከባድ ነው። ከሪፖርቱ ቀጥሎ ክፍሉ እንደተመለሰ የሚገልጽ፣ ገቢ ቁጥር ያለው የእናትዎ ደብዳቤ፣ የወረዳው የማጣሪያ ቃለ ጉባኤና የተከፈለ ዕዳ ደረሰኝ ካለ የሚከራከሩበት ነገር አላቸው። ስለዚህ መልሱን ስታስገቡ በዚያው ደብዳቤ ላይ «አጣሪ መጥቶ ክፍሉን አይቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝልን» ብላችሁ ጠይቁ። አጣሪው ሲመጣ የኪራይ ካርኒዎቹን፣ የእናትዎን መታወቂያና ውሉን ጠረጴዛ ላይ አዘጋጁ። ቃለ ጉባኤው ሲያልቅ ኮፒውን ተቀበሉ።